በጋቢ ውስጥ የተነገረ

ኅዳር 13 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ቆቦ

ዛሬ ገበያ ስለነበር የምሠራበት ስልክ ቤት በጫጫታ ተሞልቶ ዋለ። መስኮቱን ብዘጋውም የግመሉና የደላላው ድምፅ ይገባል። የአሰብ መስመር ደግሞ ገና ከመነሻው ይንሿሿል።

አቶ ይመር ከጎብዬ መጡና አሰብ ወደብ ከሚሠራው የወንድማቸው ልጅ ከሰይድ ጋር አገናኘኋቸው። ወንድማቸውን፣ የሰይድን አባት፣ የቀበሩት ትናንት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርምና እንደ ደንቡ "አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ድረስ" አሉት። አራት ጊዜ ጮኹ። እሱም አራት ጊዜ "ምን?" አለ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

የስልኩን እጀታ ተቀበልኳቸው። ጫጫታ ሲበዛ እንደማደርገው ጋቢዬን ከነእጀታው ተከናነብኩና፣ ከንፈሬን አስጠግቼ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገርኩ። በዚህ ብልሃቴ እኮራ ነበር። "አሞታል" ብዬ ሁለቴ ሞከርኩ፤ አሁንም "ምን?" አለ። ተናደድኩ።

"አባትህ ሞቷል" አልኩት።

ይሄኛው ደረሰው። "እዚህ እኮ ብቻዬን ነኝ" ሲል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ጋቢውን ስገልጥ አቶ ይመር "ሰማ?" አሉኝ።

"ሰምቷል፤ ይመጣል" አልኳቸው። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

"አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልጄ። ሽማግሌዎች መናኸሪያ ይጠብቁታል። ቤት አስገብተን፣ ዘመድ ከቦት፣ ሲነጋ እናረዳዋለን። ብቻ በመንገድ ከባዳ አፍ እንዳይሰማ ነው ጭንቀቴ።"