መዲና ያነበበች ዕለት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

በሞት ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። እናታችን አሁንም ጠዋት ጠዋት አልጋሽን ታነጥፋለች፤ ማንም አይተኛበትም፣ እኔም ተይ አልላትም። የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀይረነዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ መደርደር ቀርቷል። የመካነ ሰላም ብርድ ያው እንደምታውቂው ነው። እኔ ግን ተለውጫለሁ፤ የምጽፍልሽም ይህንኑ ልነግርሽ ነው።

ከአረብ አገር ታመሽ የተመለስሽ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋሽ ጫፍ ላይ ታስቀምጪኝና «እስኪ ዛሬ ምን አስተማርሽ?» ትዪኝ ነበር። እኔ እንድማር ብለሽ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥሽው አንቺ፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ሳታዪያቸው በስም ታውቂያቸው ነበር። «ማን አልገባውም? እንዴት አወቅሽ?» ትዪኛለሽ። ኮሌጅ ያስተማሩኝ እንኳ እንዲህ አጥብቀው አልጠየቁኝም። መልስ ሳጣ «ነገ አይተሽ ንገሪኝ» ትዪኝና በማግስቱ ክፍል የምገባው በሌላ ዓይን ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የምነግረው ሰው አጣሁ። መምህራን የሚጻጻፉበት አንድ የስልክ ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ፤ የሌላውን ከማንበብ በቀር አንድ ቃል ጽፌበት አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለአንቺ የምነግርሽ ያህል ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ስለ መዲና ነበር። መዲና እናቷ አረብ አገር ለሥራ የሄደችባት፣ ከአያቷ ጋር የምትኖር ዝምተኛ ልጅ ናት። ከሰሌዳ የምትገለብጠው ጽሕፈት ከክፍሉ ሁሉ ያምራል፤ ደብተሯን ለሌሎቹ አርአያ አድርጌ አሳይ ነበር። አንድ ቀን መጽሐፉን ከመሃል ገልጬ አንብቢ ስላት ዓይኗ እንባ ሞላ። አንዱንም ፊደል አትለየውም። እንደ ሥዕል እየሳለችው ኖሯል። «እኔ መምህሯ ሳላውቅ ግማሽ ዓመት አለፈ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

ሰኞ ርዕሰ መምህራችን ጽሑፉ ደርሶት ቢሮ አስጠራኝ። «የትምህርት ቤታችንን ገመና አደባባይ አወጣሽው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንግጦ ነው። እኔም አፈርኩ። ጽሑፉን ላጠፋው ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣሁ። ስልኩን ስከፍት ግን መልእክት በላይ በላዩ ይገባ ጀመር። ወግዲ የምታስተምር አንዲት መምህርት «አብሽሪ እህቴ፣ ያንቺን አንብቤ ዛሬ ክፍሌን ፈተሽኩ፤ እኔም ዘንድ ሦስት አሉ» ብላለች። ጡረታቸው የደረሰ አንድ የአቀስታ መምህር ደግሞ በድምፅ መለሱ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቆንጆ ጽሕፈት ካየሁ አልፌ እሄድ ነበር። ዛሬ ደብተር አስዘግቼ አስነበብኳቸው። ስንቱን ሳላውቀው እንዳሳለፍኩ እግዜር ይወቀው» አሉ።

እታለም፣ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አይተውኝ የማያውቁ ሽማግሌ፣ ከስንት ተራራ ማዶ፣ እኔ በጻፍኩት የተነሳ ተማሪዎቻቸውን ደብተር አስዘግተዋል። ማመን አቃተኝ። ጽሑፉን አላጠፋሁትም።

የወግዲዋ መምህርት አንድ ዘዴ ነገረችኝ። ልጂቱ በአፏ የምትለውን ጻፊላት፤ ከመጽሐፉ በፊት የራሷን ቃል ታንብብ አለችኝ። መዲናን ምን ልጻፍልሽ ብላት «እማ መቼ ትመጫለሽ» አለች። ጻፍኩላት። በየዕረፍቱ አብረን እየተቀመጥን ቃሉን ቆራረጥነው፤ ፊደሉን ከድምፁ ጋር እያገናኘን ደግመን ገጣጠምነው። ያልሠራልኝን ሳይቀር ለግሩፑ እጽፋለሁ። አንዱ ያርመኛል፣ ሌላው ይሞግተኛል፤ «እንዴት አወቅሽ?» የሚለኝ ሰው በየወረዳው ተገኘልኝ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ቀጭን ድምፅ ማንበብ ጀመረ። መዲና ናት። ማንም አልጠራትም። እኔ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስንት ዓመት ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ፣ ያ ጭረት ሁሉ በሰው አፍ ቃል መሆኑ ምን ያህል ድንቅ እንደሆነ ያየሁት ያን ጠዋት ነው።

ርዕሰ መምህሩም ወሬውን ሰምቶ መጣ። በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስታነብ አዳመጣት። ሲወጣ «ለሌሎቹ መምህራንም አሳዪያቸው» አለኝ። አሁን ዓርብ ዓርብ እንሰበሰባለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስላልተሳካልን ነው።

ባለፈው ሳምንት መዲና በራሷ እጅ ለእናቷ ደብዳቤ ጻፈች። አንድ ፊደል አላረምኩባትም፤ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። እናቷ በድምፅ ነው የመለሰችው። «መምህርት፣ እኔ ማንበብ አልችልም፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት ያነበበችልኝ። ወላሂ የኔ ልጅ ናት የጻፈችው? ደግማ ትጻፍልኝ በያት። እኔም ፊደል ቁጠራ ጀምሬያለሁ፤ የሚቀጥለውን ራሴ ላነበው ነው» አለች።

ይህን ለማንም ሳልጽፍ ለአንቺ ጻፍኩልሽ። መምህራኑ ማን አሠለጠነሽ ሲሉኝ፣ ከኮሌጁ በፊት የምጠራው የአንቺን ስም ነው። ጠመኔ በእጄ እስካለ ድረስ እጠራዋለሁ።

ታናሽሽ