ፎቶውን ከኮምፒውተሩ ላይ ለምን እንዳነሳሁት

ለምወድሽ ልጄ፣

የወንድምሽን ሞት የነገሩኝ ቀን የስፌት ማሽኔ ላይ ነበርኩ። አብረውት የሚሠሩት ኤሌክትሪሺያኖች በሩ ላይ ቆመው አንዱ ሌላውን ወደፊት ሲገፋ አየሁ። አለቃቸው ኮፍያውን አውልቆ «እማማ፣ እባክዎ ማሽኑን ያቁሙት» አለኝ። እኔ ግን «ይህችን ጠርዝ ልጨርሳት» አልኩት። ጨረስኳት፤ ክሩንም በጥርሴ በጠስኩት። መሰላሉ ተንሸራቶበት መውደቁን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ክሩ እስኪበጠስ ድረስ እንኳ በሕይወት እንዲቆይልኝ ፈልጌ ይመስለኛል።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ የኔ እናት? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱ እንዴት ነው፣ ትንሿ ጉንጮስ ጥርስ አወጣች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በእግሬ እሄዳለሁ፤ ግፊቴም እንደነበረው ነው። ልቤን ግን አትጠይቂኝ። ባለፈው ስልኩን ከዘጋሽብኝ ወዲህ ልደውልልሽ አስቤ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

«እማዬ፣ ወንድሜን በእጅጌ ልክ ለወጥሽው?» ነበር ያልሽኝ። በስልኩ እየተያየን ስናወራ ከኋላዬ ያለውን ኮምፒውተር አይተሽ ነው። እውነትሽን ነው፣ ፎቶው የነበረበት ቦታ ላይ የደንበኞቼ ልክ ነበር የተጻፈው። አልዋሽሽም። ግን እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ስሚኝ፣ ከዚያ ፍረጂብኝ።

ወንድምሽ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ያን ኮምፒውተር ስፌት ቤቴ ጥግ ላይ አስቀመጠልኝ። ፊቱ ላይ ትንንሽ መስኮቶች ደረደረበት። አንዱ የአየሩን ሁኔታ ያሳያል፣ አንዱ የአንቺን አገር ሰዓት፣ አንዱ የእሱንና የአንቺን ፎቶ እያፈራረቀ ያወጣል። አንደኛው ደግሞ የግፊት ክኒኔን ያስታውሰኛል፤ የራሱን ድምፅ ቀድቶበት ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ያልተተኮሰ ልብስ ጣልኩበት። መጥቶ ሲያየው «እማዬ፣ እኔ ኮምፒውተር ገዛሁ፣ አንቺ ኮመዲኖ አደረግሽው» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጎረቤቶች ቤቱን ሞልተው ሳለ፣ ከልብሱ ክምር ሥር ድምፁ ወጣ። «እማዬ ክኒን! ዋጥሽ ወይስ ደበቅሽ?» አለ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። እኔ አመል ሆኖብኝ «ዋጥኩ አልኩህ እኮ፣ አትጨቅጭቀኝ!» ብዬ መለስኩለት። የባለሱቁ ሚስት ሳቅ አምልጧት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ቀጥላ ግን ከሁላችን በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጇ ተቀብሮ ከልጇ ጋር የምትጨቃጨቅ እናት ሆኜ ታየሁ።

የዚያን ቀን ልብሱን ከላዩ አነሳሁት። ከዚያ ወዲያ ግን ሥራ አልሆንልኝ አለ። ፎቶው በተለወጠ ቁጥር፣ ሰው በበር የገባ ይመስል ቀና እላለሁ። አንዴ ሕፃን ሆኖ ይመጣል፣ አንዴ በሥራ ልብሱ፣ አንዴ አንቺን አዝሎ። የደንበኛዬን የአስተማሪዋን ቀሚስ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ሰፋሁት። ለብሳው መስተዋቱ ፊት ቆማ «እማማ፣ ቀኝ እጄን ለማን ሰጡብኝ?» ብላ ቀለደች። ፊቴን ስታይ ግን ቶሎ ብላ «ግድ የለም፣ እንዲያውም ያምራል» አለች። ልጄ፣ ስድብ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲያዝንልኝ ጨርቁን ይዞ ወደ ሌላ ሰፊ ይሄዳል እንጂ እጄን አያምነኝም።

ስለዚህ ሽቦ የሚሉትን የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራሁ። ሽቦ ትንንሾቹን መስኮቶች «ዊጄት» ይላቸዋል። «እማማ፣ እነዚህ እኮ ለጌጥ አይደሉም፣ ያሠሯቸው እንጂ» ብሎ ሳቀብኝ። የቀን መቁጠሪያው ላይ ማን መቼ ለልክ እንደሚመጣ መጻፍ አሳየኝ። ዝናብ ካለ ያጠብኩትን ጨርቅ ውጭ እንዳላሰጣ አየሩን አነባለሁ። ያንቺንም ሰዓት እያየሁ፣ አንቺ እንቅልፍ ላይ ስትሆኚ ስልኩን አስቀምጣለሁ። ስንት ጊዜ ከአልጋሽ እንዳስነሳሁሽ ያኔ ገባኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ተኝቼ ነበር አላልሽኝም። በመጨረሻ ፎቶውን ከዚያ ላይ አንሳልኝ አልኩት። «ለጊዜው ነው አይደል?» ሲለኝ «አንሳ ብያለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪኑ አንገቱን ደፍቶ አነሳው፤ በቦታው የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት መስኮት አስገባልኝ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ፎቶውን ማንሳቴ ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን እጅጌው በልኩ ገባ፣ ሥራዬም ቀና፣ እኔም ደስ አለኝ። ልጇን የቀበረች እናት ቀሚስ አማረልኝ ብላ ደስ ይላታል? እኔን አለኝ። ሳንጎራጉር ራሴን ሰማሁትና ማሽኑን አቁሜ ፊቴን ሸፈንኩ። አንቺ የደወልሽው ከዚያ በኋላ ነበር። የዘጋሽብኝ ጊዜ ያጠፋሁትን ያወቅሽብኝ መሰለኝ።

ድምፁን ግን አላስነካሁም። ሽቦ «ይህን በደወል ልቀይርልዎ?» ቢለኝ እጁን ያዝኩት። ጠዋት ጠዋት ክኒኑን በመዳፌ ይዤ እቀመጣለሁ፣ እሱ ሳይጠራኝ አልውጥም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሽቦ አንድ ፎቶ ብቻ ሳይለዋወጥ ማቆም ይቻላል ብሎኛል። እንዲያ ከሆነ አጠገቡ እየሠራሁ መዋል እችላለሁ። ነገር ግን የትኛውን? ሁሉንም አውጥቶ ሲያሳየኝ አንዱን ብመርጥ የቀሩትን ዳግም የምቀብራቸው መሰለኝና ተመልሰህ ና ብዬ ሸኘሁት። አንቺ ምረጪልኝ ልጄ። ፎቶውን ላኪልኝ፣ ቃል መጨመር አያስፈልግሽም። የመረጥሽው እስኪደርሰኝ ቦታውን ባዶ አድርጌዋለሁ፤ የደንበኞቼን ልክ ወደ ዳር አስጠግቼዋለሁ።

ባለቤትሽን ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪልኝ። ትልቁን ግንባሩን ሳሚልኝ፣ ስለ አጎቱ ቢጠይቅሽ አትቆጪው፣ ንገሪው። ጉንጮን ሁለቱን ጉንጮቿን። አማትሽን አክብሪልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ በይልኝ። ይህን ደብዳቤ በቤታችሁ የምታነቡም የምትሰሙም ሁሉ፣ እኔን ብትወቅሱኝም ለእሱ ግን ጸልዩለት። ገና ጎልማሳ ነበር፤ ፈጣሪ ነፍሱን በምሕረቱ ይቀበል በሉልኝ።

እናትሽ

ከስፌት ቤቴ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን