ከቋጥኙ እስከ ችካሉ

ግንቦት 24 ቀን 1998 ዓ.ም.
መንዝ፣ ከዘመሮ ወዲያ ማዶ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለእስከዳር፣
ህንድ አገር

የኔ እመቤት፣ እንደምን ሰንብተሻል? ሙቀቱስ ቀለል አለልሽ ወይ? እናትሽ «እዚያ አገር በርበሬው እሳት ነው አሉ፤ ጨጓራዋን እንዳይልጣት» እያለች መቀመጫ ነሣችኝ። «ያንቺን ወጥ የቻለች ሁሉን ትችላለች» ብዬ መለስኩላት፤ እስከ ማታ አኮረፈችኝ። ሁላችንም ደህና ነን። አንድም ሰው አልተጎዳም። ይህን አስቀድሜ የነገርኩሽ የሚከተለውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይርድ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልሽ። አምና ሐምሌ ለጥናትሽ መጥተሽ፣ ከቤታችን በላይ ያለው ተረተር ይንሸራተት እንደሆነ ለማወቅ ቋጥኙን በቀይ ቀለም ምልክት አደረግሽበት፤ ከሥሩ አፈሩ ላይ ችካል ተከልሽ፤ ሜትሩን በእጄ ሰጥተሽኝ ሄድሽ። «አባዬ፣ ቋጥኙ አይነቃነቅም፤ አፈሩ ከሸሸ ችካሉ ይርቃል። በየእሑዱ ለካና ጻፍልኝ» አልሽኝ። ከቅዳሴ መልስ አንድም እሑድ ሳላጓድል ለካሁ። ዘጠኝ ሜትር ከአርባ። ሁልጊዜ ዘጠኝ ሜትር ከአርባ። አንቺም በዚያ ተነሥተሽ ተረተሩ ጸንቷል ብለሽ ጻፍሽ፤ ወረዳም ያንን አይቶ ከሥር ያለነውን ስድስት ቤተሰቦች ወደ ሌላ ቦታ የማዛወሩን ሐሳብ ተወው። አስተማሪዎችሽ እንዳመሰገኑሽ፣ ሰኔ ላይ በትልቅ ጉባኤ ፊት እንደምታቀርቢው የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሰንበቴ ላይ አስነበብኩት። ኮራሁብሽ፣ ምን ልደብቅሽ።

ልጄ፣ ያ ቁጥር ውሸት ነው።

የደረስኩበት እንዲህ ነው። ግንቦት ስድስት እሑድ ለሽምግልና ራቤል ልሄድ ነበርና በዋዜማው፣ ቅዳሜ ጧት፣ ለካሁት። ዘጠኝ ከስልሳ ሁለት! ዓይኔ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ሽምግልናው ቀረና በነጋታው እንደ ልማዴ ብለካው ዘጠኝ ከአርባ። እንግዲህ አፈር ቁልቁል ሲሄድ አውቃለሁ፤ ሽቅብ ሲወጣ ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከቋጥኙ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ፈንታ! ያ በሰማንያ ዘጠኙ ሽግሽግ መሬት ከእኔ ላይ ተቆርሶ የተሰጠው፣ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ የተነፋፈግነው ጎረቤታችን። ችካሉን ነቀለ፤ ከቋጥኙ ጀምሮ መጫኛ ዘረጋ፤ ቋጠሮው በደረሰበት ችካሉን መልሶ በድንጋይ ይቀጠቅጠው ጀመር።

«ምን እየሠራህ ነው፣ በሚካኤል ዕለት?» አልኩት።

«አንተ የምትገፋውን እየመለስኩ ነዋ!» ብሎ ቱግ አለ። «ልጅህ ወሰን በሜትር ስትተክል ያላየሁ መሰለህ? ያን ለት ማታውኑ በመጫኛ ለክቼ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ። ወደ መሬቴ ትገፋዋለህ፣ በየቅዳሜው እመልሰዋለሁ። ቆሜ እያለሁ አትቀማኝም!»

«ሚካኤል ይፍረድብኝ፤ ሜትር ከመዘርጋት በቀር ነክቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ገፋው? ሰይጣን?»

ፈንታ መሬቱን አየ፤ ከዚያ ቁልቁል ቤቶቹን አየ። ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ።

«ስንት ጊዜ መለስከው?» አልኩት።

«በጥቅምት ጣት፣ ሁለት ጣት ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን በየሳምንቱ ስንዝር ይሞላል» አለኝ። ቁጭ ብለን ብንደምረው ሦስት ክንድ ግድም ሆነ።

እንግዲህ ደግሞ የራሴን ልናዘዝ። ምልክቱ ሳይታየኝ ቀርቶ አይደለም። የቤታችን በር ከሁዳዴ ጀምሮ አልዘጋ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ጠርቤዋለሁ። ምንጩ ዝናብ ሳይጥል ይደፈርሳል። እናትሽ «ኧረ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ስትለኝ «ልጅሽ ጸንቷል ብላለች» እላት ነበር። ስልሳ ዓመት የኖርኩበትን መሬት ትቼ ቁጥር አመንኩ። ያንቺ ስለሆነ ደስ እያለኝ አመንኩት። አፍሬያለሁ ልጄ።

በማግስቱ ሰንበቴ ላይ ሁለታችንም ተነሥተን ተናገርን። ሰው ጉድ አለ፤ ይበልጥ የገረመው ግን ተረተሩ ይሁን እኔና ፈንታ ጎን ለጎን መቆማችን እንጃ። ሰኞ ወረዳ ሄድኩ። የተቀበለኝ ትሑት ወጣት ነው። «አባቴ፣ ልጅዎ በማስረጃ ጸንቷል ብላ ጽፋለች፤ የቤት ቦታ እንድንመራችሁ እሷው ራሷ ታርመው» አለኝ። ምን ይበል? እውነቱን ነው።

እኛ ግን እስኪታረም አልጠበቅንም። ፈንታ ማዶ ሜዳው ላይ የነበረውን የበልግ ገብሱን፣ ፍሬው ሳይጠና፣ አጭዶ ለከብት ሰጠና «እዚህ ስፈሩ» አለን። ስድስታችንም ዳስ ጥለን እዚያው ነን። እማሆይ አመተሥላሴ ብቻ «እኔ ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብለው አስቸገሩ። ፈንታ «እሺ እማሆይ» ብሎ ሄደና ቃሬዛ ይዞ መጣ! እየረገሙትም እየሳቁም በቃሬዛ ተሻገሩ።

ዳስ ግን የመንዝን ክረምት አይችልም። ሐምሌ ሳይገባ ቦታ ካልተመራን ሰዉ ብርዱን ፈርቶ ወደየቤቱ ይመለሳል፤ ያኔ ተረተሩ ከመጣ ማንም አያድነውም። ስለዚህ ጽሑፍሽን አርሚ። ዐሥር ወር የደከምሽበትን፣ የተመሰገንሽበትን ነገር በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት ቆመሽ «ልክ አልነበረም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አላጣሁትም። ምናልባትም ትምህርቱ አንድ ዓመት ይጨምርብሽ ይሆናል። እናትሽ ሳታየኝ አልቅሼልሻለሁ። ግን አርሚው። መምህር ናሁሰናይ ነገ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ይህን ወረቀት እዚያ በኢንተርኔት እልክላታለሁ ብሎኛል፤ ለወረዳው የምትጽፊውንም በዚያው ላኪለት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ፈንታ ዳሳችን ድረስ መጥቶ፣ ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ «ያቺ ልጅ ስሜን በመንግሥት ወረቀት ታሰፍረው ይሆን? መሬቴን ይነጥቁኝ ይሆን?» አለኝ። ገብሱን ለእኛ ብሎ በእሸትነቱ ያጨደ ሰው! እንደ ድሮው ቢሆን እስቅበት ነበር፤ አልሳቅሁም። እና ልጄ፣ ችካሉ በማን ምክንያት እንደተበላሸ መጻፍ ግድ ከሆነብሽ የእኔን ስም ጻፊ። ችካሉ ጠብቅ ተብሎ የተሰጠው ለእኔ ነው።

እውነት ለመናገር ከንፈርሽን የሚፈታ፣ እግርሽንም ከእንቅፋት የሚጠብቅ አምላክ ካለሽበት ይቁም። እናትሽ ጉንጭሽን ስማሻለች። እንዳትሳሳቺው ሙሉ ስሜን አሳምሬ ጽፌልሻለሁ፦

ምንይሉ ተክለጻድቅ