በመቅጠኔ የተቀማሁት መርፌ

ለክቡር የክፍለ ግዛቱ ሠራተኞች የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ኩላሊቶችዎ ሁለቱም በየቦታቸው ሆነው በሰላም እንዲያገለግሉዎት ከልቤ እጸልያለሁ። እኔ ዳርሊን ስታምፐር እባላለሁ፤ በፓይን ጋፕ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምነዳ፣ የመድን መዋጮዬም ከደመወዜ ላይ አንድ ወር እንኳን ሳይጓደል የሚደርስዎ ታዛዥዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ ስልካችሁ ላይ እያስጠበቀ የሚያሰማኝን ሙዚቃ በቃሌ ስለያዝኩትና ከዚያ ወዲያ የሚያነሣልኝ ኃላፊ ስላጣሁ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ስላደረጉልኝ ደግነት ላመስግን። ታናሽ ወንድሜ ዶይል ዕድሜውን ሙሉ የክፍለ ግዛቱን መንገድ ሲጠግን ኖሮ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከዱትና በኩላሊት እጥበት መኖር ጀመረ፤ የእኔ ኩላሊት ደግሞ ተመርምሮ ልክክ አለለት። ሐኪሞቹ ግን በዚህ ክብደትዎ ቢላ አናስነካዎትም፣ ይቅጠኑና ይምጡ፣ ቀዶ ጥገናው እስኪደርስም እንደቀጠኑ ይቆዩ አሉኝ። ያን ጊዜ ጽሕፈት ቤትዎ የክብደት መቀነሻውን መርፌ ፈቀደልኝ። እሰይ! ያ ቀን ከሌት የሚጮህብኝ ረሃብ ጸጥ አለ፤ ቀለልኩ። ይህም አልበቃ ብሎ ከቢሮዎ ፎቶ አንሺ ተልኮ፣ የድሮ ሱሪዬን አስለብሶ ወገቡን በእጄ ወጥሬ እንድቆም አድርጎ አነሣኝና፣ «የመድናችን ኩራት» ተብዬ በመጽሔታችሁ ሽፋን ላይ ወጣሁ። ዶይል ሽፋኑን ሲያየው፣ «እታለም፣ እዚህ ሱሪ ውስጥ እኮ እኔም እገባ ነበር፤ ምነው ብቻሽን ቆምሽ?» ብሎ በሳቅ ገደለኝ። ያኔ በሙሉ ልቤ አመንኳችሁ።

ሁለተኛ፣ ሐኪሞቹ ካሉት ክብደት ደርሼ፣ ቀዶ ጥገናውም ለፋሲካ ሰሞን ተቀጥሮልን ሳለ፣ ከቢሮዎ አንዲት ትሑት ልጅ ደወለችልኝ። «እንኳን ደስ አለዎት ወይዘሮ ዳርሊን! ከእንግዲህ ወፍራም ስላልሆኑ መርፌው ቆሞልዎታል» አለችኝ። ኧረ ልጄ፣ መርፌው ከቆመ ውፍረቱ ይመለሳል፣ ወንድሜ ኩላሊቴን እየጠበቀ ነው ብዬ ብለምናት፣ «እንግዲያው ሲወፍሩ እንደገና ያመልክቱ፤ ያኔ ይታይልዎታል» ብላ አጽናናችኝ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው ክቡር ሆይ! ቤቱ ማፍሰሱን ስላቆመ ጣሪያው አያስፈልግም ብሎ ቆርቆሮውን ነቅሎ እንደ መሄድ ነው።

ሦስተኛው የእናንተ ሥራ ሳይሆን የጎረቤቶቼ ፍቅር ነውና በእናንተ ሒሳብ አልቆጥረውም። ፓስተራችን ይህን ሰምቶ እሑድ ከመድረኩ ላይ፣ «እህታችን ዳርሊን መድኃኒቷ እንዲመለስላት መወፈር አለባትና እንርዳት!» ብሎ ዐወጀ። በእኛ ሸለቆ ሰው ቢታመምም ቢወልድም ቢሞትም በድስት ነው የሚደረስለት፤ የመጣን ምግብ አልፈልግም ማለት ደግሞ ያመጣውን ሰው ከደጅ መመለስ ነው። የዶሮ ቅቅል ከሊጥ ድቡልቡል ጋር፣ ብስኩት የምንለው ትኩስ ዳቦ በቋሊማ መረቅ፣ ፑዲንግ የሚባለው የሙዝ ጣፋጭ፣ ምኑ ቅጡ! ጎረቤቴ እማማ ኦፓል ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አስቀምጠው፣ «ብዪ እንጂ ልጄ! ለዶይል ስትዪ ጉረሺ!» እያሉ ካልጨረስኩ ንቅንቅ አይሉም። ረሃቡም ከነጩኸቱ ተመልሶብኝ ነበርና፣ እያለቀስኩ በላሁ።

እስከ ገና ድረስ ወፈርኩላችሁ። ሐኪሞቹ የፋሲካውን ቀጠሮ ሰረዙት። እኔም ይሁን፣ መርፌው ሲመለስ እንደገና እቀጥናለሁ ብዬ በታዘዝኩት መሠረት ሳመለክት፣ ያችው ትሑት ልጅ፣ «አዝናለሁ ወይዘሮ ዳርሊን፤ ገና እንዳለፈ ከሚገባው አዲስ ዓመት ጀምሮ ይህን መርፌ ለማንም አንሸፍንም» አለችኝ። ሲወፍሩ ያመልክቱ ስትዪኝ ይህን ታውቁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀድሞ የተወሰነ ነው፤ እንዳንናገር ተብለን ነው» አለች።

ክቡር ሆይ፣ አቅም አጣን፣ ቆሟል ብትሉኝ ኖሮ ሰው ነኝ፣ ይገባኝ ነበር፤ ድስቱን ሁሉ ከደጄ መልሼ፣ ጎረቤት ቢቀየመኝም ተቀይሞኝ፣ ጥርሴን ነክሼ በረሃብ እስከ ፋሲካ እቆይ ነበር። እናንተ ግን በሩን ከዘጋችሁ በኋላ ወፍረሽ ነዪ አላችሁኝ። ወንድሜን የማድን መስሎኝ በገዛ አፌ ጎረስኩበት እኮ! አሁን ዶይል ደክሟል፤ ልቡም ቀዶ ጥገናውን የሚችልበት ጊዜ እያለፈ ነው ይሉኛል ሐኪሞቹ። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌውን ለቁንጅና አይደለም፣ ኩላሊቴ ከእኔ ወደ ወንድሜ እስኪሻገር ድረስ ብቻ ይመልሱልኝ።

ለድኻም ለሀብታም በማያዳላ ክልከላዎ እየተደነቅሁ፣ ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከነሙሉ ክብደቴ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ዳርሊን ስታምፐር፣ ከፓይን ጋፕ

ሳልረሳው፦ ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ ለዶይልም ተደውሎለት ነበር። የኩላሊት እጥበቱ ያለ ምንም ማመልከቻ ዕድሜ ልኩን እንደተፈቀደለት አበሠሩት። ስልኩን ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ፤ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ብዙም አላስቸግራችሁ» አላቸው። የደወለው ሰውዬ ቀልድ መስሎት ሳቀ።