ሲሞቅ አይለካም

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ጎንበስ ቀና ማለቱን ቻለው? ያ አሮጌ ኮምፕረሰር አሁንም ያስላል ወይስ አስታመሙት? እኔ ደህና ነኝ፤ ድምፄ ብቻ ከአርባ ልጆች ጋር ስጮህ ተዘግቷል።

አባባ፣ ለአራተኛ ክፍል ልጆቼ ስለ አየር ግፊት ሳስተምር መለኪያ ሠራን። በሰፊ ጠርሙስ አፍ ላይ ፊኛ ወጥረን፣ የለስላሳ ስትሮ አጋድመን አንዱን ጫፍ ፊኛው መሐል ላይ ለጠፍን፤ ሌላው ጫፍ ከጠርሙሱ አፍ አልፎ ወደ ውጭ ወጣ። የውጭው አየር ሲከብድ ፊኛውን ይጫነዋል፣ የስትሮው የውጭ ጫፍ ሽቅብ ይላል፤ አየሩ ሲቀል ጫፉ ይወርዳል፣ ያኔ ዝናብ ሊመጣ ይችላል።

እንዲታይ ብዬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጫፉ ወረደ። ልጆቹ ዝናብ መጣ ብለው ግቢውን አመሱት፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ያሰጣችውን መጋረጃ ሁሉ ሰብስባ አስገባች። ጠብታ የለም! ፀሐዩ አናት ይበሳል። ርዕሰ መምህሯ ጠርታኝ፣ ጠርሙሱ እስከ ወላጆች ቀን እውነት ካልተናገረ ጨዋታውን ትቼ ወደ ደብተር እንድመለስ አስጠነቀቀችኝ። ልጆቹ ኩምሽሽ አሉ፤ እኔም አንጀቴ ተቃጠለ።

ሳብሰለስል እርስዎ ትዝ አሉኝ። ባለ ታክሲዎቹ ቶሎ ይለኩልን ብለው ሲያዋክቡዎት፣ ከመንገድ የገባ ጎማ ሲሞቅ አይለካም፣ ጥላ ውስጥ ይረፍ ብለው ያስቆሟቸው ነበር። ለካ የኔም ጠርሙስ ፀሐይ ሲሞቅ ውሎ፣ ውስጡ ያለው አየር ፊኛውን ነፍቶት ኖሯል! ጠዋት ቀዝቃዛው የመጻሕፍት ክፍል ጥግ ወሰድነው።

በወላጆች ቀን ዋዜማ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጫፉ ወረደ። ልጆቹ አንዴ ስለደነገጡ ሦስት ጊዜ አይተው ነው የተናገሩት። ርዕሰ መምህሯ እያጉረመረመችም ቢሆን ወንበሮቹን ከሜዳው ወደ አዳራሽ አስገባች። በማግስቱ ወላጆች ገና ከመቀመጣቸው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም።

ርዕሰ መምህሯ በወላጆቹ ፊት ይህን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። አባባ፣ አንድ የማያውቁት ነገር አለ። ልጅ ሳለሁ በትምህርት ቤት ቅጽ ላይ የአባት ሥራ የሚለው ቦታ ሲደርስ ነጋዴ ብዬ እጽፍ ነበር። በጥቁር እጅዎ እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን ግን በተዘጋ ድምፄ ጮክ ብዬ፣ አባቴ ጎሚስታ ናቸው፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታናሽ እህቴ ደብዳቤውን ስታነብልዎት እንዳትዘልል፤ አክስቴንም ሰላም ይበሉልኝ። ኮምፕረሰሩንም አደራ።

የጎሚስታው ልጅ

ከመጻሕፍት ክፍል፣ ከጠርሙሱ አጠገብ
ግንቦት 9 ቀን