የአባቴን ስልክ ከቁጥር ላላስገቡት የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ አምራች ድርጅት የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጆሮዎስ ደህና ነው? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከስፌት መኪናዬ ጎን የሚውሉት ጡረተኛ አባቴ ደግሞ የእርስዎ ደንበኛ ናቸው። ድንቁ መሣሪያዎ ድምፁ የሚስተካከለው በስልክ መተግበሪያ ብቻ ሲሆን፣ መተግበሪያውም የሚሠራው አገር ሁሉ በያዛቸው በሁለቱ የስልክ ዓይነቶች ብቻ ነው። የአባቴ ስልክ ቁልፎቹ ትልልቅ የሆኑ፣ ብዙ ሰው የማይገዛው ሌላ ዓይነት ነው። ስለዚህ ማንኪያ ሳህን በነካ ቁጥር ይደነብራሉ፤ የልጅ ልጃቸው ስታወራቸው ግን የሚሰሙት የእኔን መኪና ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሉታል ይህን። ማዕድ ላይ ስንስቅ አይተውን ዘግይተው ይስቃሉ፤ እሱ ያመኛል።

ቅሬታዬን በትሕትና ላቅርብ፦

፩. በዚያ ስልክ የሚጠቀም ደንበኛ እንደሌላችሁ በጥናት ማረጋገጣችሁ ተነግሮኛል። መጠይቁን የለጠፋችሁት እዚያው መተግበሪያው ውስጥ መሆኑንም ሰምቼ ተደንቄአለሁ። ድልድይ በሌለበት ወንዝ ዳር ቆሞ፣ የሚሻገር ሰው አጣሁ ብሎ እንደ መመለስ ነው።

፪. ለጥቂት ሰው ብሎ እንደገና መሥራት፣ መፈተሽና ማደስ አድካሚ መሆኑን አልክድም። እኔም አንድ እጁ አጠር ያለ ደንበኛ አለኝ። እጅጌውን ለብቻው እለካለሁ እንጂ እጅህን አስረዝመህ ና ብዬው አላውቅም። የእርስዎ ክፍል ግን አባቴ ስልክ እንዲቀይሩ፣ ካልሆነም የቤተሰብ ስልክ እንዲዋሱ መክሯል።

፫. ምክራችሁን ሰምቼ መሣሪያውን ከእኔ ስልክ ጋር አገናኘሁት። ድምፁን ገና ሳላስተካክል ባልደረባዎ ስለ ቅሬታዬ ደወለ። እኔ ሃሎ ሃሎ እያልኩ ስደክም፣ ንግግሩ ሁሉ በመሣሪያው በኩል የገባው አባቴ ጆሮ ውስጥ ነበር። ቃል በቃል የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ «እንዲህ ያለ ስልክ የያዙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው። ትንሽ ቢታገሱ ችግሩ በራሱ ይፈታል።»

ይህን ነግረውኝ መሣሪያውን አወለቁና ኪሳቸው ከተቱት። ዛሬም እዚያው ነው።

እስካሁን ለጻፍኩት ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ስልክዎንም ከብዙኃኑ አይለየው እላለሁ።

አክባሪዎ፣
ከቁጥር ያልገቡት ሽማግሌ ልጅ

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወሱኝ፦ አባቴ ስለ ድምፁ ጥራት ምስጋናቸውን እንዳደርስላቸው አዘውኛል። መሣሪያውን ከገዙ ወዲህ አንዲት ቃል ሳትጎድል ጥርት ብሎ የተሰማቸው ያ የባልደረባዎ ንግግር ብቻ ነው።