እጅዎ ስለዳነ እንኳን ደስ አለዎት፤ አጣማሪዬን ግን ይተዉልኝ

ለተከበሩ የጎልፍ ክለባችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ አባላት ምክክር ስለተፈጸመ መዳን፣ እንዲሁም ስለ አንድ ጥርስ ሐኪም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና የደም ግፊትዎ እንዴት እንደሰነበቱ በትሕትና እጠይቃለሁ። ስለ እጅዎ ግን አልጠይቅም፤ የእጅዎን ደህንነት ከሣር አጫጁ እስከ በር ጠባቂው ያልሰማ የለምና።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከፎቶግራፍዎ ጎን የምለጥፈው ለክብርዎ ብዬ ነው። ፎቶግራፍዎን ለማየት የማይቆም ሰው እንኳ ደብዳቤዬን ሊያነብ ሲቆም እግረ መንገዱን ያይዎታል።

ጎልፍ ለማያውቁ አንባቢዎች፣ ባለቤቴን ጨምሮ፣ በሽታችንን ባጭሩ ላስረዳ። ኳሷን ከሩቅ መትቶ ሣሩ ላይ ማሳረፍ ያልከበደው ሰው፣ ጉድጓዱ አንድ ክንድ ሲቀረው እጁ እባብ እንዳየች በቅሎ ይበረግጋል። ዱላው ይዘላል፤ ኳሷም ጉድጓዱን እንደተቀየመች ጎረቤት ሰላም ሳትለው ታልፋለች። ሐኪም ቢያየው እጁ ምንም የለበትም፤ ቤቱ ገብቶ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጠብ ሳያደርግ ይይዛል። የሚበረግገው ከአጭሯ ኳስ ፊት ብቻ ነው።

እርስዎ የስብሰባ ሰው ስለሆኑ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ሳያማክሩኝ ድነዋል። ባለፈው ዓመት በዚህ ክለብ የብርገጋ በሽተኞች ሁለት ነበርን፤ እርስዎና እኔ። እርስዎ ሲስቱ እኔ ሰማዩን አያለሁ፣ እኔ ስስት እርስዎ የጫማዎን ማሰሪያ ያጠብቃሉ፤ እንዲህ ተከባብረን እንኖር ነበር። የሚሳቅብንንም ሳቅ እኩል እንካፈል ነበር። በድንገት ሲድኑ የእርስዎ ድርሻ ሳቅ የት እንደሚገባ አላሰቡም። እነሆ ሙሉውን ተረክቤዋለሁ፤ ስላደረጉልኝ እምነት አመሰግናለሁ።

2ኛ. በክለቡ መጽሔት ላይ «እጄን በጽናት እንዴት አሸነፍኩት» ብለው ሦስት ገጽ ጽፈዋል። «ጽናት» የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ቦታ አገኘሁት፤ «አሠልጣኟ» የሚለውን ግን በአጉሊ መነጽር ፈልጌ አጣሁት። አሠልጣኟ፣ እንደሚያውቁት፣ የልጄ ልጅ ናት። አምስት ወር ሙሉ በየማክሰኞው ጠዋት ኳስ ስትደረድርልዎ፣ «ጋሼ፣ ትከሻዎን ያላሉት እንጂ፣ ማን እያባረረዎት ነው?» ስትልዎ የከረመችው እሷ ናት። ይህን በአጋጣሚ የሰማሁት አጥሩ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ሳነብ ነው። አንድ ጋዜጣ ነበር፤ አምስት ወር አነበብኩት።

3ኛ. ባለፈው ቅዳሜ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ልክ ዱላዎን ወደ ኋላ ሲስቡ ሳልኩ። ሳሌ የሰባ ስድስት ዓመት ሳል ነው፤ የትም ቦታ ይከበራል። ድሮ ቅጠል ሲወድቅ የሚደነብረው እጅዎ ንቅንቅ ሳይል ኳሷን ከተታት። ይባስ ብለው ዘወር አሉና «አይዞዎት፣ ማር በሎሚ ይጠጡበት» አሉኝ። ይህ ከአንድ ሊቀመንበር አይጠበቅም። ለይሉኝታ ያህል እንኳ ሊስቱ ይገባ ነበር።

4ኛ. ወደ ዋናው እመጣለሁ። ጡረታ የወጣው ጥርስ ሐኪም በጥንዶች ውድድር ሃያ ሁለት ዓመት አጣማሪዬ ነው። አምና በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ አንድ ክንድ የቀራትን ኳስ ስቼ ዋንጫውን አሳጣሁት። በመኪናው ቤቴ ድረስ አደረሰኝና፣ ስወርድ «ጥርስ ቢሆን ነቅዬ እገላግልህ ነበር፤ እጅ ሆነብኝ» አለኝ። አሁን ለፊታችን እሑድ ውድድር ከእርስዎ ጋር ልጣመር ብሎ ማመልከቻ አስገብቷል። ፈቃጁ እርስዎ፣ ተጠቃሚውም እርስዎ። ይህን የመሰለ ቀልጣፋ አሠራር በዕድሜዬ አላየሁም።

እንግዲህ ቅናት ነው ይሉኛል። አዎን፣ ነው፤ ለዚያውም እንቅልፍ የሚነሳ። የሚያንገበግበኝ ግን መዳንዎ ብቻ አይደለም። የልጅ ልጄ መድኃኒቱን መጀመሪያ ያመጣችው ለእኔ ነበር። እኔ ደግሞ «ዳዴ እያልኩ ያሳደግሁሽ ልጅ ዱላ አያያዝ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ ሰው ፊት ሳቅሁባት። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። እሷ መድኃኒቷን ይዛ ወደ እርስዎ ሄደች፤ እርስዎ እሺ አሏት፤ እኔ ጋዜጣዬን ገዛሁ።

ባለፈው ረቡዕ ቆቤን አውልቄ ሄድኩላት። «አባባ፣ ተራዎን ይጠብቁ» ብላ ከሁለት የባንክ ሠራተኞች ኋላ አስቀመጠችኝ። ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ፣ «ኳሷን አይዩዋት፤ ጉድጓዱን ብቻ እያዩ ይግፏት» አለችኝ። ኳስ ሳላይ እንዴት ብዬ ስጠይቅ፣ «አርባ ዓመት ሲያዩዋት ምን አደረገችልዎ?» አለችኝ። ጉድጓዱን አይቼ ገፋሁ። እጄ ጭምት ሆኖ ዋለ፤ ኳሷም ገባች። ከአሥር ስድስት አስገባሁ። ስድስተኛዋ ስትገባ የባንክ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ፤ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ሰባተኛዋን ሳትኩ። ሰዓቴ ሲያልቅ «ይሻላል» አለችኝ። ለእርስዎ «ጎበዝ» ትልዎት እንደነበር በጋዜጣው በኩል ሰምቻለሁ፤ እሱንም መዝግቤ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ናት። የጥርስ ሐኪሙን ማመልከቻ እስከ እሑድ ማታ ሳይፈርሙ መሳቢያዎ ውስጥ ያቆዩልኝ። የሌሎቻችንን ማመልከቻ ዓመት ስለሚያቆዩ፣ አራት ቀን እንደማይከብድዎ እምነቴ ጽኑ ነው። አንድ እሑድ ብቻ ከወዳጄ ጋር ልጫወት። አጭሯ ኳስ ፊት ዳግመኛ ከበረገግሁ፣ የዱላ ቦርሳውን በራሴ ትከሻ ተሸክሜ፣ እሱንም እጁን ይዤ እደጅዎ አደርስልዎታለሁ።

በመዳንዎ የተደሰተ ለመምሰል እጅግ የለፋው፣ ለእጅዎ ጤና ለኳስዎ ግን ጠማማ መንገድ የሚመኘው፣ ትሑት አባልዎ፣

የአሠልጣኟ አያት

ግልባጭ፦
ለጥርስ ሐኪሙ
ለአሠልጣኟ (ፊደል ብታርም እንጂ ሐሳብ እንዳትነካ)

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ ጥርስ ሐኪሙን ደጃፌ ላይ አገኘሁት። ማመልከቻውን ሊያነሳ መሆኑን ነገረኝ። የእጄን ዜና ሰምቶ መስሎኝ ደረቴን ልነፋ ስል፣ ምንም አልሰማም። ለካ ሦስት ቀን ከእርስዎ ጋር ሲለማመድ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ እንዴት እንደዳኑ ከሥር መሠረቱ ተርከውለታል። «ሠላሳ ዓመት ሰውን አፍህን ክፈት ስል ኖሬ፣ ዝጋ ብዬ የምለምነው ሰው ገና አሁን ገጠመኝ» አለኝ። ነገ ጠዋት ማመልከቻውን ሊወስድ ቢሮዎ ይመጣል፤ እባክዎ በዝምታ ያስረክቡት።